ቃለ ጉባኤ ቁጥር አርባ አንድ

ሐሙስ አመሻሹን፣ በሰኔ፣ ደምበጫ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ ያለ ሙቀጫ፣
ሰባት ሆነን መጣን ከየሥራችን፣
ጭቃው እየጎተተ ከየጫማችን።
በአራት ዓመት ልጆች ወንበር ላይ ቁጭ ብለን፣
ጉልበትና አገጭን አገጣጥመን፣
ስብሰባ ጀመርን።

«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» አልኩና
(ጸሐፊ ነኝና)
ሰማያዊውን መዝገብ ገለጥኩ።

አጀንዳ አንድ፦ የመምህርት ውዴ ደመወዝ።
የሚያዝያ ግማሹ፣ የግንቦት ሙሉው።
ገንዘብ ያዡ ምኒችል፣ ማዳበሪያ መጋዘን የሚውለው፣
ሸሚዙ ታጥቦም ዩሪያ ዩሪያ የሚለው፣
ሣጥኑን ከፈተ፤ ቁልፉ ከአንገቱ ነው።
ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ብር።
ከሥሩ ደረሰኝ፤ የጠመኔ፣ የሳሙና፣
የምስማር፣ ደግሞ የሳሙና።
«ደረሰኝ ቢበላ» አለ አንማው፣ «ማን ይራብ ነበር!»
ከራሱ በቀር የሳቀ አልነበር።

ቀጥሎም ተነሣ፣ ሊመክረን ፈልጎ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ፦
«መቼስ ድር ቢያብር…»
«አንበሳው ይቆየን» አለች ባንቺአየሁ፣
«ድሩ የታል? እሱን መጀመሪያ ልየው።»

ባንቺአየሁ ወፍጮ ቤት ናት፤
ዱቄት እስከ ሽፋሽፍቷ ዘልቆባት
ሳትታጠብ ትመጣለች።
አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገረችው፣ ያኔም ሳትጠየቅ፦
«የእኔ ልጅ ያደገ ከወፍጮው ሥር ነው።
አራት ዓመት ሙሉ አፉን አልፈታም።
ለካ እሱም አልሰማኝ፣ እኔም አልሰማሁት።»
ይህን መዝገብ ላይ አላሰፈርኩትም።

ገበያ መሐል ሰው ይይዘኛል፦
«ስንት ነው አበሉ?» ይለኛል።
«የለውም» ስል፣ ዓይኑን ጨፈን አርጎ፣
«ሰው በከንቱ አይሮጥ!» ይላል፤ ይሄዳል ፈገግ ብሎ።
እኔም አንዳንድ ማታ፣ ጭቃዬን ስፍቅ፣
ያንኑ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ሳላውቅ።

አጀንዳ ሁለት ጣሪያው ነበር። እሱን ዝናቡ ተናገረ፤
ከምኒችል ጆሮ ግንድ ላይ ጠብ፣ ጠብ እያለ አደረ።
ወንበሩን አንድ ስንዝር ሳበና ዝም አለ።

ለአጀንዳ ሦስት ገጹን ብገልጥ
ባዶ አልነበረም።
በቀይ እርሳስ ሰባት ክብ፣
ሰባት ጥንድ እግር፣ ጉልበቱ ከጆሮ በላይ።
አንዱ ነጠብጣብ የወረደበት፤ ባንቺአየሁ መሆኗ ነው።
አንዱ ጥርስ ያለው ሣጥን የታቀፈ።
አንዱ ፀጉር የሌለው።
እኔን ግን ያለ ራስ፤ እጅና ብዕር ብቻ።

ትርንጎ ናት። የጽዳቷ የእታገኝ ልጅ፤
እናቷ ወለሉን እስክትጨርስ
በመስኮት የምታየን፣ ትንፋሿ መስታወቱን እስኪያለብስ።

«ገጹ ይቀደድ» አልኩ። ሰብሳቢው ጋሽ ይርሳው
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ ነበሩ፦
«ስርዝ ድልዝ ያለው ሰነድ አይጸናም፣ ልጄ።
ቁጥር የወጣለት ገጽም አይቀደድ።»
መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ አዩ።
መላጣቸውን በመዳፍ ዳበስ አደረጉና
ማኅተሙን እፍ ብለው፣ ከሰባቱ ክብ ጎን
ደቅ አደረጉት።
«ጸድቋል። ቀጥል።»

ከዚያ፣ ማንም ማንንም ሳያይ፣
እጅ ወደ ኪስ፣ እጅ ወደ መቀነት፣
የተጣጠፈ ብር፣ የረጠበ ብር፣ ዱቄት የነካው ብር።
መዝገቡ ላይ «ልዩ ልዩ ገቢ» አልኩት፤
ሌላ ስም አላገኘሁለት።
የሚያዝያው ሞላ።
የግንቦቱ በይደር።

ስንነሣ የአንማው ወንበር አብሮት ተነሣ፤
ሁለት ሰው ጎትቶ አላቀቀው።
በሩ ላይ ትርንጎ፣ እናቷ ጥላ ሥር ሆና፣
በጣቷ ቆጠረችን፦
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት!»
አራተኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ።
ላርማት ብዬ ተውኩት፤
ነገ መምህርት ውዴ አለችላት።
አራትም በይደር።